ዕድለኛ ነሽ ስትዪኝ

ውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እናትሽ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለምን ጠፋሽ ብለሽ እንዳትጀምሪኝ፤ አንቺም ጠፍተሻል። ሥራ፣ ልጅ፣ ብርድ... ሰበቡን ስለምታውቂው እንለፈው።

በመጨረሻ ስናወራ «አንቺማ ዕድለኛ ነሽ» ብለሽኝ ነበር። ቅር አላለኝም። ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንቺ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ በአስተርጓሚነት ነው እንጀራዬን የምበላው። እስቲ በሙያችን እንነጋገር፤ በእንግሊዝኛ ብትዪኝ ኖሮ የትኛውን ቃል ትመርጪ ነበር?

«ላኪ» (lucky) ብለሽኝ ከሆነ፣ ስለ ዲቪው ከሆነ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ላክ (luck) ማንንም አያመሰግንም፣ ማንንም አይወቅስም። ቃሉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከደች አካባቢ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ ያስገቡት ቁማርተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ደስ የሚል ነገር ነው አይደል? ዳይሱ ተወረወረ፣ የወጣው ወጣ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ሁለታችንም አንድ ኢንተርኔት ካፌ ገብተን፣ አንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀምጠን ነው ፎርሙን የሞላነው። ፎቶሽ አምሮ የወጣው አንቺ ነበርሽ። የእኔ ወጣ፣ ያንቺ ቀረ። እዚያ ውስጥ የእኔ ጉብዝና ሽታውም የለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ላክ አልሠራውም። ያኔ በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ነበር፤ ዕጣ የሚወጣለት ሰው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። ሴፕቴምበር 30 ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋ ነበር። ዕጣው ወጥቶለት ቪዛው ያላገኘው ስንቱ ነው! ያንን ሰው ላኪ ነው ትዪዋለሽ ወይስ አይደለም? እኔ ቃል አጥቼለታለሁ።

«ፍሉክ» እንዳላልሽኝ አውቃለሁ። እሱ ስድብ ነው። ከከረምቡላ ቤት የወጣ ቃል ነው ብትዪ አትሳሳቺም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቢሊያርድ ተጫዋቾች ያመጡት ነው። ወዲያ አነጣጥሮ ኳሷ በሌላ በኩል ከገባችለት፣ ያ ፍሉክ ነው። ፈተና ላለፈ ተማሪ ብትዪው ይኮርፍሻል።

«ፎርቹኔት» ረጋ ይላል። ሽማግሌ ቃል ነው። ሥሩ ፎርቱና ናት፣ ሮማውያን ጎማ እያዞረች አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ታደርጋለች የሚሏት አምላክ። «ፎርቹን» ደግሞ ብዙ ገንዘብም ማለት ነው። ይኼ ነገር መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ ኋላ የእኛን «ሀብት» አሰብኩ። እሱም ከግዕዙ «ወሀበ»፣ ማለትም ሰጠ፣ የመጣ ነው። ስጦታ የነበረው ብር ሆነ። በእኛ ቃል ውስጥ ግን ሰጪ አለ። በእነሱ ውስጥ የምትሽከረከር ጎማ ብቻ ናት።

ሰጪውን ሲፈልጉ «ብለስድ»፣ ማለትም የተባረክሁ፣ ይላሉ። እዚህ ደህና ነሽ ወይ ስትያቸው «ብለስድ» ብለው የሚመልሱ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች አሉ፤ ልክ እንደኛ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ቀን ከስትሮክ ለተረፉ አንዲት የአገራችን እናት ሳስተረጉም፣ ሐኪሙ «በጣም ላኪ ነዎት» አላቸው። «ዕድለኛ ነዎት» ብዬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ዕድል አይደለም በዪው፤ መድኃኔዓለም ነው» አሉኝ። እንዳሉት አስተላለፍኩ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ አደራ አለ። እሳቸውም አልተከራከሩትም፤ ክኒኑንም ጸበሉንም ይዘው ሄዱ።

ለእኔ ግን የምትመርጪልኝ ቃል ካለ «ሰረንዲፒቲ» ይሁን። አጠራሩ ምላስ ያስራል፣ ቢሆንም። ይህን ቃል የፈጠረው ሆራስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1754፣ ፍሎረንስ ለሚኖር ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ። ሰረንዲፕ የስሪላንካ የጥንት ስሟ ነው። ስለ ሦስቱ የሰረንዲፕ መሳፍንት አንድ ተረት አንብቦ ነበር። አንደኛው መስፍን በመንገድ ሲያልፍ፣ በግራ በኩል ያለው ሣር ተግጦ፣ በቀኝ ያለው ለምለሙ ሳይነካ ያያል። በዚህ መንገድ ቀኝ ዓይኗ የጠፋ በቅሎ አልፋለች አለ። በቅሎ እየፈለገ አልነበረም። ሣሩን ግን አየ። ዋልፖል ስም ያወጣለት ለዚህ ነው፤ አጋጣሚም ያስፈልጋል፣ አስተዋይ ዓይንም ያስፈልጋል። ዛሬ ሰው ዝም ብሎ ለደስ የሚል አጋጣሚ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ዓይኑን ትተውታል። ለተማሪዎችሽ ይህን አስረግጠሽ ንገሪልኝ።

ሥራዬን እንዴት እንዳገኘሁ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ልጄን ለክትባት ወስጄ ወረፋ እየጠበቅኩ፣ አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል ካለችው ጸሐፊ ጋር ሳይግባቡ ቆመው አየሁ። ጸሐፊዋ እየጮኸች ትደግማለች፤ ብትጮህ ይገባቸው ይመስል። ተነሥቼ አስተረጎምኩላቸው። ስጨርስ ነርሷ «ይህን በገንዘብ የሚሠሩት አሉ፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ከዚያ ኮርሱ፣ ፈተናው፣ ሌሊት ማጥናቱ መጣ። ያኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነበር የምደረድረው።

ስለዚህ ለዲቪው ላኪ በዪኝ፣ እቀበላለሁ። ለዚህኛው ግን እንዳትሞክሪው!

አንቺስ? ያ ትልቁ ትምህርት ቤት አልቀጥርም ብሎሽ፣ ቤትሽ ውስጥ የጀመርሽው የማስጠናት ሥራ ሰው ሞልቶታል ሲሉ ሰምቻለሁ። በየትኛው ቃል እንደምትጠሪው ራስሽ ጻፊልኝ።

እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልልሻለሁ፤ እናንተ ጋ ማታ ይሆናል። ስልኬን ቀይሬያለሁ፣ የማታውቂው ቁጥር ነው ብለሽ እንዳትዘጊብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው