ምስማሯን የነቀለው እጅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ሰሞኑን ከልጄ ጋር «አሚስታድ»ን አየን። ለባርነት በመርከብ ሲወሰዱ ስላመፁ አፍሪካውያን ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው ፊልም ነው። አጀማመሩ ከዓይን አይጠፋም። ጨለማ ነው፣ የሰው ፊት እንኳ በቅጡ አይለይም፤ የሚታየው በደም የራሰ ጣት ከመርከቡ እንጨት ላይ አንዲት ምስማር ለመንቀል ሲታገል ነው። ስትነቀል እኔም ልጄም እፎይ አልን።

ከዚያ ግን ፊልሙ ፍርድ ቤት ገባና አብዛኛውን እዚያው ጨረሰው። የአመፁ መሪ ሴንግቤ ፒዬ አንዴ ብድግ ብሎ ይጮሃል፣ ችሎት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቀምጦ ጠበቆቹን ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ለእነሱ ተከራክሮ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሲያልቅ ልጄ «ሽማግሌው ሰውዬ ባይኖር ነፃ አይወጡም ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጥያቄዋ ነው።

የአዳምስን ውለታ አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ1839 ኩባ አጠገብ ሰንሰለታቸውን ፈትተው መርከቧን የያዙት 53ቱ አፍሪካውያን ናቸው። ባያምፁ ኖሮ ጉዳያቸው የትኛው ዳኛ ፊት ይደርስ ነበር? እስር ቤትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፣ እንግሊዝኛ ተማሩ። ከመካከላቸው ካሌ የሚባል ትንሽ ልጅ በዚያው በተማረው ቋንቋ ለአዳምስ ጻፈለት፤ ምን አጥፍተን ነው የታሰርነው፣ ፍርድ ቤቱን ጠይቅልን አለው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከተፈቱ በኋላም ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ታሪካቸውን እየተናገሩና እየዘመሩ ለአገራቸው ጉዞ ገንዘብ አሰባሰቡ። ለፊልም ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

የዚያው የስፒልበርግ «ሊንከን» ፊልምም ያው ነው። ባርነትን ስለሻረው የሕግ ማሻሻያ ሙሉ ፊልም ተሠርቶ ፍሬድሪክ ዳግላስ አንድም ቦታ ብቅ አይልም። ራሱ ከባርነት ያመለጠ፣ ሊንከንን ፊት ለፊት የሞገተ ሰው!

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ጅራፉን ያሳዩናል፣ ማሳየታቸውም ተገቢ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ማታ በባሪያዎቹ ጎጆ ውስጥ በሹክሹክታ የተባለው መቅረቱ ነው፦ ማን ይታመናል፣ በየት በኩል ይወጣል፣ ሕፃን ያላት እንዴት ትሆናለች። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልሙ ካሜራውን እዚያ ጎጆ አስገብቶታል። የሚዶልቱት፣ የሚጣሉት፣ የሚወስኑት በባርነት የተያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ከአሳዳሪው ጎን የቆመ ልጅ ከገዛ እናቱ ጋር ሲጋጭ ማየት ከማንኛውም ጅራፍ በላይ ያማል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ ኃይሌ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው፣ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። ስለዚህ ተመልካች የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ለልጄ መጀመሪያውን መልሼ ከፈትኩላት። ምስማሯ ስትነቀል አየችና ዝም አለች። ፊልሙ ላይ ያላየሁትን የካሌን ደብዳቤ ነገርኳት።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ።

11 ገደማ አልኳት።

አንባቢያችሁ