«ደረጃ አንድ ከሆነ አትውጡ» ላላችሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሄሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስና ዝናብ) ወቅት ዝግጅት ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ በቴሌግራም ሲቀባበለው ሰነበተ። ውሃ ግዙ፣ ባትሪ ያዙ ማለታችሁ ደግ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ «ማዕበሉ ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ከቤት መውጣት አያስፈልግም» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ማን ነገራችሁ? የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሂዩስተን ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ጋልቨስተን ሲወረድ፣ ዲኪንሰን ነው። ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ ከሂዩስተን ሰሜንና ምዕራብ ናቸው፤ ከባሕሩ አጠገብ ያለነውን የጠየቀን የለም።

ከአንድ እስከ አምስት የሚሰጠው ደረጃ የሚነግረን የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ዝናቡንም ሆነ ባሕሩ ወደ የብስ የሚገፋውን ውሃ አይለካም። የሚገድለው ደግሞ ውሃው ነው፤ ከ1963 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ማዕበሎች በቀጥታ ከገደሏቸው ከ10 ሰዎች 9ኙ ገደማ የሞቱት በውሃ ነው። አይክ የተባለው ሄሪኬን መስከረም 3 ቀን 2001 ዓ.ም. (በ2008 እ.ኤ.አ.)፣ ገና የእንቁጣጣሹ አበባ ሳይጠወልግ ጋልቨስተን ሲገባ ደረጃ ሁለት ነበር። ከጋልቨስተን ማዶ ባለው ልሳነ ምድር፣ ቦሊቫር ላይ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው። ጋልቨስተን ከተማም የባሕር መከላከያ ግንቡ የፊቱን ባሕር ሲመክት፣ ውሃው ዞሮ በጀርባ፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ገባ። በ2001 እ.ኤ.አ. የመጣችው አሊሰን ሄሪኬን እንኳ አልነበረችም፤ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ20 በላይ ሰው ገድላለች። ሃርቪም በ2017 እ.ኤ.አ. እኛ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ደክሞ ከደረጃ አንድ በታች ወርዶ ነበር። በእናንተ ስሌት ያን ሌሊት ዲኪንሰን ውስጥ የፈራ ሰው ሞኝ ነው።

ውሃው በበር አልመጣም። በመታጠቢያ ቤቱ የፍሳሽ ቀዳዳ እየተንቦቀቦቀ ወጣ። ከዚያ ፍሪጁ ተነሥቶ ተንሳፈፈና በጎኑ ተጋደመ፤ ምጣዱም፣ የልጆቼ የልደት ወረቀትም፣ የባለቤቴ የዜግነት ሰርተፊኬትም ከሥሩ ቀረ። ቤቱን ስንገዛ «ሙሉ ሽፋን ነው» ብሎ ያስፈረመን ሰውዬ ስንደውልለት ጎርፍ በውሉ ውስጥ የለም አለን። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ከተገዛም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ማዕበሉ በዜና ከተነገረ በኋላ መሮጥ ምንም አይፈይድም። ለዚህ አንድ መስመር ነፈጋችሁ፣ ለባትሪ ግን ሙሉ አንቀጽ ሰጣችሁ!

ደግሞ «ደረጃ አንድ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጎዳ እወቁት። በ2024 እ.ኤ.አ. ሄሪኬን ቤሪል ስትመጣ አለቃዬ ይህንኑ ብሎ እሑድ ማታ ሺፍት አስገባኝ። ሊነጋጋ ሲል ገባች፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ፣ በዚያ በሐምሌ ሙቀት። በነዳጅ ማደያና በሆቴል የሚሠራው ወገናችን ከአለቃው ጋር የሚሟገትበት ነገር ሲያጣ፣ እናንተ ለአለቃው ማስረጃ ጻፋችሁለት።

የመውጫ ትእዛዝ እዚህ የሚተላለፈው በሰፈር ነው፤ ዚፕ ኮዳችን (የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር) በባሕር ጠርዝ፣ በኤ፣ በቢ ወይም በሲ ክልል ይመደባል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሄሪኬን ሪታ መጣች ሲባል ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ባንዴ ወጥቶ መንገድ ላይ በሙቀት ቀለጠ፤ ሽሽቱ ከማዕበሉ በላይ ሰው ጨረሰ። ስለዚህ መውጣት የሌለበት ሰው እንዲቆይ፣ መውጣት ያለበት ደግሞ ቀድሞ እንዲወጣ ክልሉን ማወቅ የግድ ነው። መኪና የሌላቸው አረጋውያን 211 ደውለው በየዓመቱ መመዝገብ ይችላሉ፤ ይህንንም አልጻፋችሁም።

እናቴ ከአማርኛ ሌላ አታነብም። ዘገባችሁን አንብባ «አንድ ከሆነማ ምን አስቸኮላችሁ፣ እኔ ከቤቴ አልወጣም» ብላኛለች፤ ልጇን ሳይሆን እናንተን ነው የምታምነው። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን፣ ከነሐሴ በፊት አውጡልን። የዚፕ ኮዱን ዝርዝር በአማርኛ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ።

ከዲኪንሰን፣ ቴክሳስ