እድገቱ ለሠራ ነው ወይስ ላመሸ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ አንድ የግል ባንክ የገባነው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ማስታወቂያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደመወዝ። ያኔ ትዳር አልነበረንም፤ የተዋወቅነው ሥልጠናው ላይ ነው። በመግቢያ ፈተናው በልጣኛለች፣ በሥልጠናውም እንደዚያው። ዛሬ እኔ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። እሷ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረችበት የሥራ መደብ ላይ ናት። በመካከላችን የተፈጠረው ርቀት ከችሎታ እንዳልመጣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። በዚህ ጉዳይ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ከርቀቱ የተጠቀመ ወንድም ይናገር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የመጀመሪያ ልጃችን በ2007 ተወለደ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/1996 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ ለአባት ተብሎ በስም የተጻፈ ፈቃድ አልነበረም። ከዓመት ፈቃዴ ቆርጬ አራት ቀን ቤት ቆየሁ። ልጁ ዓመት ሳይሞላው የእድገት ማስታወቂያ ወጣ፤ ቦታው ሆሳዕና። ባንክ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው እድገትና ዝውውር አብረው ነው የሚመጡት፤ ክፍለ ሀገር ደርሶ ያልተመለሰ ሰው ብዙ ርቆ አይሄድም። መስፈርቱን ሁለታችንም እናሟላ ነበር። እሷ አላመለከተችም። ማመልከት እንደምትችል ቁጭ ብለን እንኳ አልተነጋገርንም፤ እኔ አመለከትኩ፣ አለፍኩ፣ ሄድኩ። መሄዴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያ ንግግር አለመኖሩ ነው።

ሁለት ዓመት ሆሳዕና ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ተነስቼ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ልጄ እናቱን «ይሄ ሰውዬ ዛሬም እኛ ጋ ያድራል?» ብሎ ጠየቃት።

የምንኖረው ጀሞ ነው፤ የእሷ ቅርንጫፍ መገናኛ አካባቢ ነበር። ሞግዚታችን የማታ ተማሪ ስለነበረች 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ነበረባት። ስለዚህ ባለቤቴ ጠዋት 1 ሰዓት ገብታ 10 ሰዓት እንድትወጣ ጠየቀች። ከሙሉ የሥራ ሰዓቷ አንድ ደቂቃ አልቀነሰችም። ሌላው ሰው ሳይገባ የኤቲኤም ሒሳብ ማስታረቁን ትጨርሰዋለች፤ ቀድሞ እስከ ምሳ ይንከባለል የነበረ ሥራ ነው። ኃላፊዋ ፈቀደላት፣ ግን በቃል፤ በጽሑፍ የሰጣት ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት ሥራዋን ስትወድ አይቻታለሁ። በስልክ ስናወራ ስለ ባንኩ በደስታ የምታወራበት ጊዜ ያ ነበር።

የዓመቱ ምዘና ሲመጣ «ተነሳሽነት» ከሚለው ረድፍ ላይ ነጥቧ ወረደ። ለምን ብላ ስትጠይቅ «አንቺ እኮ ሰዓት ተመቻችቶልሻል» ተባለች። ለደረጃ እድገት ስትወዳደር ሁለት ነጥብ በማይሞላ ልዩነት ወደቀች። ያንን እድገት ያገኘችው ከስንት ልፋት በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ልጃችን በ2012 ሲወለድ ደግሞ እንደገና ባለችበት ቆመች። የቀድሞውን አዋጅ የተካው አዋጅ 1156/2011 በቅጥርም ሆነ በእድገት ውድድር ከወንድ እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ ታገኛለች ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ነጥቧ ከውድድሩ በፊት በምዘና ተሸርፎ ከመጣ «እኩል» የሚባለው ጋ መቼም አትደርስም።

እኔስ በዚያ ጊዜ ምን እሠራ ነበር? መጀመሪያ ሆሳዕና፣ ኋላም አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ቀን ባንክ፣ ማታ ከደንበኛ ጋር ነበርኩ። ተቀማጭ ማሰባሰብ የምንለውን ሥራ ውጭ ያለ ሰው ብዙ አያውቀውም። ከነጋዴ ጋር ራት፣ ከኮንትራክተር ጋር ሆቴል፣ ቅዳሜና እሁድ የደንበኛ ልጅ ሠርግ፣ ሲሞትበት ለቅሶ። በዚያ የመጣው ዲፖዚት በስሜ ይመዘገባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ነጥብ ይሆናል፣ ነጥቡ እድገት ይሆናል። ያመሸሁት ሰዓት ሁሉ ተከፍሎኛል። ማምሸት የቻልኩት ግን እሷ 10 ሰዓት ላይ ወጥታ ልጅ ትይዝ ስለነበር ነው። የእሷ ሰዓት ከእሷ ምዘና ላይ ተቀንሶ እኔ ምዘና ላይ ተደመረ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንኳ ራሴ ያደረግሁትን ልናገር። ሥራ አስኪያጅ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወጣት ቴለር (ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ) ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወለደች። አዋጁ ለአባት የሚሰጠውን 3 ተከታታይ ቀን ወሰደና ተመለሰ፤ ከዚያ ለአንድ ወር ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ለመግባት ጠየቀኝ። «እናትህ የሉም እንዴ?» አልኩት። ዝም ብሎ ወጣ። በስድስት ወሩ ሌላ ባንክ ገባ። ካሽ ጎድሎበት የማያውቅ ልጅ ነበር። ሰዓት ማመቻቸት የሴት ጉዳይ ነው ብለን ስንይዘው ሴቷን ከእድገት፣ ወንዱን ከልጁ እናስቀራለን። ይህ የገባኝ ያንን ቴለር ካጣሁ በኋላ ነው።

ስለ ሥራና ሰዓት የተደረጉ ጥናቶችን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱን ላንሳ። ሲትሪፕ የተባለው ትልቅ የቻይና የጉዞ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ሻንጋይ ባለው የስልክ አገልግሎቱ ላይ ሙከራ አደረገ። ፈቃደኛ ከሆኑት ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ሙሉ ቁጥር የሆነው ከሳምንቱ አምስት የሥራ ቀን አራቱን ቤታቸው ሆነው ሠሩ፤ ጎዶሎ የሆነው ቢሮ ቀሩ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ቤት ሆነው የሠሩት ሰዎች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨመረ፣ የሥራ እርካታቸው ከፍ አለ፣ ሥራ የሚለቀው ሰው ብዛት በግማሽ ወረደ። ይሁን እንጂ በሥራ ውጤት እኩል የሆኑትን ስታነጻጽር ቤት ሆኖ የሠራው እድገት የማግኘት ዕድሉ አነሰ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የምንለው ነው። ባለቤቴ ላይ የደረሰውን በቁጥር ተጽፎ አየሁት። ብቸኝነቱ ከብዷቸው ሙከራው ሲያልቅ ወደ ቢሮ የተመለሱም ብዙ ናቸው፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም፤ ሁሉም ሰው ቤት መዋል አይፈልግም።

ይኸው ድርጅት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1,612 ሠራተኞች ላይ ሌላ ሙከራ አደረገ። አሁን ቤት የሚሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት እንደሚለው ሥራ መልቀቅ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ፤ በተለይ በሴቶች፣ ኃላፊ ባልሆኑትና ከሩቅ በሚመላለሱት ዘንድ። በሁለት ዓመት ውስጥ በምዘናም ሆነ በእድገት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሰዓት ያመቻቸ ሰው እድገት ማጣት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። አሠራር ያመጣው ነው፣ አሠራር ይመልሰዋል።

«ይህ ቢሮ ለሚሠራ ነው፣ ቴለር ቤት ሆኖ ብር አይቆጥርም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የካዝናው ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ነው፤ አንዱ በሌለበት ሌላው አይከፍትም። ካሽ ሳይታረቅ ቴለር አይወጣም። ነገር ግን ሰዓት ማመቻቸት ማለት ቤት መቅረት ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቤት ሆነው እንዲሠሩ ሲደረግ እኛ ባንኮች ክፍት ነበርን፤ እኛ ቅርንጫፍ በፈረቃ ገባን፣ ሥራውም አልቆመም። አደጋው ሲያልፍ ፈረቃውንም አብረን ረሳነው። ሕጉም አይከለክልም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የአንዱን ቀን የሥራ ሰዓት አሳጥሮ በሌሎቹ ቀናት ላይ፣ ከስምንት ሰዓቱ በላይ በቀን እስከ ሁለት ሰዓት እየጨመሩ ማከፋፈል ይፈቅዳል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ክላውዲያ ጎልዲን የአገራቸውን ፋርማሲስቶች አጥንተዋል። በዚያ ሙያ የወንድና የሴት የክፍያ ልዩነት ከሌሎች ሙያዎች በጣም ያነሰ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የበሽተኛው መረጃ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አንዱ ፋርማሲስት ሲወጣ ሌላው ካቆመበት መቀጠሉ ነው፤ ሥራው አንድ ሰው ላይ አልተንጠለጠለም። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ቅርንጫፎችን ሁሉ የሚያገናኘው የኮምፒውተር ሥርዓታችን፣ ኮር ባንኪንግ የምንለው ነው። የደንበኛው ሒሳብ ዛሬ በየትኛውም ቅርንጫፍ ይታያል። «ያለ እሱ አይሆንም» የምንለው ሠራተኛ በእውነት ስንት ነው?

ስለዚህ ሞከርኩት። ቅርንጫፌ 22 ሠራተኞች አሉት። ግማሾቹ 1 ሰዓት ተኩል ገብተው 10 ሰዓት ተኩል ይወጣሉ፤ የቀሩት 3 ሰዓት ተኩል ገብተው ካሽ አስታርቀው 12 ሰዓት ተኩል ይወጣሉ። የካዝና ቁልፍ ያዦቹን ጥንዶች በየሳምንቱ እናፈራርቃለን። ማንም ምክንያቱን አይጠየቅም፤ ልጅ ላለው፣ ማታ ማስተርስ ለሚማረው፣ አልጋ ላይ ያለች እናት ላለው እኩል ነው። ሰዓቱ በጽሑፍ ነው፣ ፊርማ አለው። የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ነበር፤ የጠዋቱ ቡድን ለማታው ያልተጨረሰ ሥራ እየተወ ይጣሉ ነበር። የርክክብ መዝገብ ከከፈትን በኋላ ረገበ። አንድ ያልጠበቅሁት ነገር፣ ለጠዋቱ ፈረቃ ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ ወንዶች ነበሩ። ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ራሳቸው ማምጣት ይፈልጉ ኖሯል፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ተቀማጭ ማሰባሰቡን ግን ብቻዬን ማስተካከል አልቻልኩም። ዋና መሥሪያ ቤት በግለሰብ ስም ነው የሚቆጥረው። እኔ የምጠይቀው በቅርንጫፍ ስም እንዲቆጠር ነው፤ ማታ ነጋዴ ጋ ራት የበላውም፣ ቀን ያንን ነጋዴ በፈገግታ አስተናግዳ እንዳይሄድ ያደረገችውም ዲፖዚቱን አምጥተዋል። ዝውውሩም ቢሆን ማስታወቂያው ከሁለትና ሦስት ከተሞች ቢያስመርጥ፣ ሠራተኛው የሚሄድበትን ዓመት ቢያዘገይ ምን ይጎዳል? ልጁ ከፍ ሲል የምትሄድ ሴት ብዙ አለች።

የአባትነት ፈቃዱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አዋጅ 1064/2010 ለመንግሥት ሠራተኛ አባት 10 የሥራ ቀን ሲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ የወጣው 1156/2011 ለእኛ ለግሎቹ 3 ቀን ብሎ ቆመ። የእናት ፈቃድ 120 ቀን መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የአባቱ ሦስት ቀን በሆነ ቁጥር ቀጣሪው ሴት አመልካች ፊቱ ስትቀመጥ አራት ወር፣ ወንድ ሲቀመጥ ሦስት ቀን ነው የሚያየው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 156ኛ ስምምነት የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ሲናገር ወንድና ሴት ብሎ ሁለቱንም ይጠራል። ከ30 ዓመት በላይ ሆነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ ባንኮች በየዓመቱ ትርፋቸውን፣ ተቀማጫቸውን፣ የቅርንጫፋቸውን ብዛት በጋዜጣ ያሳትማሉ። ጋዜጠኞቻችሁ ሁለት ጥያቄ ጨምረው ቢጠይቁልን፤ ከሥራ አስኪያጆቻችሁ ስንቱ ሴት ናቸው? ባለፉት ሦስት ዓመታት የሥራ ሰዓታቸውን ካስተካከሉት ሠራተኞች ስንቶቹ እድገት አገኙ? የእኔን ቅርንጫፍ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ከወዲሁ ልስጥ። ለጠዋቱ ፈረቃ ከተመዘገቡት 11 ሰዎች እስካሁን እድገት ያገኘው አንድ ነው፤ እሱም ወንድ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ