ዓርብ ማታ ስለተጣላንባት ሴትዮ

ውድ ልጄ፣

ዓርብ ማታ ሳህንሽን ሳትጨርሺ ተነስተሽ ከሄድሽ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ሰነበተ። በዕብራይስጥ ብጽፍልሽ ይቀልሽ ነበር። ግን በዕብራይስጥ ስጽፍ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው የምመስለው። በአማርኛ አባትሽ እሆናለሁ። ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂ።

«እዚህ እስራኤል ፓርላማ፣ ክነሴት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ብትቀመጥ ለኛ ምን ይጠቅመናል? ፎቶ ነው» አልሽኝ። እኔም ጮህኩብሽ። መጮኼ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። ክርክሩን ግን አልተውኩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። የተጣላንባትን ሴትዮ፣ ፕኒና ታማኖ ሻታን፣ አንድም ቀን መርጫት አላውቅም። እዚህ አገር የሰፈር ተወካይ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ። ድምፅሽን ለፓርቲ ትሰጫለሽ፤ ፓርቲው ስም ደርድሮ ያቀርባል፤ ተራው የደረሰው ይገባል። በ2013 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) የሽ አቲድ የተባለው ፓርቲ 14ኛ ላይ አስቀመጣት። ፓርቲው ከ120 ወንበር 19 አገኘና ገባች። ከኢትዮጵያ ተወልዳ ክነሴት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በ2015 ፓርቲው 11 ላይ ሲወርድ ደግሞ ውጭ ቀረች። እኛ «የኛ ልጅ» እንበላት እንጂ ወንበሯን የሚወስነው ሌላ ሰው የጻፈው ዝርዝር ነው። እዚህ ላይ አሸንፈሽኛል።

የተወለደችው ጎንደር አካባቢ፣ ዉዛባ በምትባል መንደር ነው። እኛን የኢትዮጵያ አይሁድን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ባመጣው በሙሴ ዘመቻ ስትመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ያኔ 16 ሞልቶኛል። ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር መጣች፤ እናቷ የደረሰችው ከዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ ለሁለት የተከፈለ ቤት ስንት ነበር መሰለሽ! በሱዳን መንገድና በስደተኞች ካምፑ ደግሞ ወደ 4,000 ወገን ቀርቷል። ያንን ሌላ ቀን። ፔታህ ቲክቫ አደገች፣ ሕግ ተማረች፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆና ሠራች። ይኼን ሁሉ ስልክሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ስልክሽ ላይ የማታገኚውን ልንገርሽ። በ1990 ወታደር ሳለሁ ደም ሰጠሁ። እጄን ዘርግቼ ተኛሁ፣ ጭማቂና ብስኩት ሰጡኝ። ብስኩቱን ሳልበላ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። «ደምህን ሰጥተህ በብስኩት ሸኙህ?» ብላ እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን በዚያች ቀን የዚህ አገር ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጥር 1996 ላይ ጋዜጣው አወጣው። የኛን ደም ለዓመታት በምስጢር ሲደፉት ኖረዋል፤ ኤድስን ፈርተው። ወደ 10,000 ሰው ሆነን ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ወጣን። አስለቃሽ ጭሱ ዓይኔን ሲፈጀው እያሰብኩ የነበረው ስለዚያች ብስኩት ነበር፤ ሳቂብኝ ከፈለግሽ። ሰልፉን ከመሩት አንዱ አዲሱ መሰለ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከኛ የመጀመሪያው ሆኖ ክነሴት ገባ።

ከዚያ ታኅሣሥ 2013 መጣ። አውቶቡሴን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አቁሜ ሻይ እየጠጣሁ አንዱ ሾፌር ስልኩን አቀበለኝ። ክነሴት ቅጥር ውስጥ ደም የሚሰበስቡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ፕኒና ልስጥ ብላ ቀረበች። የመዝጋቢዋ መልስ፣ በመመሪያው መሠረት የኢትዮጵያ አይሁድ ደም አንወስድም የሚል ነው። ስልክ ተደወለ፣ ተማከሩ። ከዚያ እንቅዳሽ፣ ግን ይቀዘቅዛል እንጂ ለሰው አይሰጥም አሏት። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ያደገች፣ ያቺኑ አገር ሕግ የምታወጣ ሴት! ሻዬ ቀዘቀዘ።

አየሽ፣ ያ ነገር በኔ ቢደርስ ወደ አውቶቡሴ እመለሳለሁ፣ ማታ ለእናትሽ እነግራታለሁ፣ አለቀ። እሷ ላይ ሲደርስ ግን በካሜራ ተቀርጿል። በዚያው ሰሞን ፕሬዝዳንቱ ፔሬስም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናታንያሁም ለመናገር ተገደዱ። እኔ ስገፋ ማንም አያይም። እሷ ስትገፋ ግን የገፉን ሰዎች እጅ ታየ። ጥቅሙ ምንድን ነው ላልሽኝ መልሴ ይኼ ነው።

በ2018 ተመልሳ ገባች። በ2020 ከፓርቲዋ ተለይታ ወደ ፖለቲከኛው ጋንትዝ ወገን ሄደችና የአሊያ፣ ማለት ወደ እስራኤል የሚገቡ አይሁድ ጉዳይ፣ ሚኒስትር ሆነች፤ በመንግሥት ካቢኔ የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት። ፓርቲ መቀየር አልወድም፤ እኔ አውቶቡስ እንኳ ስቀይር ያመኛል። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከኢትዮጵያ ከ300 በላይ ሰው ይዞ ቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ ያረፈው አውሮፕላን ላይ አብራ ነበረች። በዚያ ዘመቻ 2,000 ሰው ነው እንዲመጣ የተፈቀደው። የአጎቴ ልጅ ከነዚያ ውስጥ የለም። አሁንም ጎንደር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲደውልልኝ ሁሌ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። ምን ልበለው? «ሚኒስትር መሆን ማለት ቁልፉን መያዝ ማለት አይደለም» አልኩት። ስልኩ ጸጥ አለ።

ለማንም ምረጪ፣ አትምረጪም፤ አልጮህም።

ከዚያ ወዲህ የደሙ ደንብ ተለወጠ። ለእናትሽም አልነገርኳት፤ ሥራ ቦታችን ደም ሊሰበስቡ ሲመጡ ተሰለፍኩ። መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት፣ ባንቺ ዕድሜ። የትውልድ ቦታዬን ጽፋ አንገቷን ሳታቀና «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኩ፤ አልበላሁም ነበር። ሲያበቃ ጭማቂና ብስኩት ሰጡኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በላሁት።

አባትሽ