አባባ ሻምበል ኮርያን የሚያወሩት በበረካ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኮርያ ጦርነት ስለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ሲቆም የእናንተም ጽሑፍ አብሮ ቆመ። መኮንኖቹ ተሸለሙ፣ ተመለሱ፣ አለቀ። እኔ የማውቃቸው መኮንን ግን ከተመለሱ በኋላ ነው መከራው የጀመራቸው።

ጎረቤታችን ነበሩ፤ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ። ልጃቸው ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው አባባ ሻምበል ልበላቸው። እናቴ ቡና ስታፈላ ይመጣሉ። አቦልና ቶና ላይ ወሬያቸው ዝናብና የጤፍ ዋጋ ነው። በረካው ሲቀዳ፣ ያውም ሰው ቀነስ ሲል፣ ኮርያ ትመጣለች። እኔ ልጅ ስለነበርኩ እንደ ሰው አልቆጠርም። ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

መጀመሪያ አውሮፕላን ያዩት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደሴን በቦምብ የደበደበበት ቀን። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። አባባ ሻምበል ጦሳ ተራራ ሥር ከብት ይጠብቁ ነበር። ከቦምቡ ይልቅ በማግሥቱ የጠፋች ጥጃ ፍለጋ መንከራተታቸውን ነበር አስረዝመው የሚያወሩት። ያኔ ኢትዮጵያ ጄኔቫ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ጮኻ ሰሚ አጣች። ከ15 ዓመት በኋላ ጃንሆይ ጦር ወደ ኮርያ ሲልኩ ምክንያታቸው ይኸው ነበር፤ የተወረረ አገር ብቻውን መተው የለበትም። አባባ ሻምበል ግን ይህን ትልቁን ምክንያት ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። «ታዘዝኩ፣ ሄድኩ» ነው የሚሉት።

በጃንሆይ ጠባቂ ጦር፣ በክብር ዘበኛ ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያ የአሜሪካ ወታደር ማመላለሻ መርከብ ላይ። ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ደረሱ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ነው፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። የእሳቸው ሥራ የመቶ መሪነት ነበር።

እናንተ 253 ውጊያ ብላችኋል። ቁጥሩ በየቦታው የሚጠቀስ ነው፤ አልከራከርም። ግን አንባቢ 253 አድዋ አድርጎ እንዳያስበው እሰጋለሁ። አባባ ሻምበል ሲያወሩት አብዛኛው የሌሊት ቅኝት ነው። ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ መተኛት። አለመሳል። ጣትህ ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ መጠንቀቅ። የኮርያ ክረምት በረዶ ነው፤ የእነሱን «ክረምት» ከእኛ ሐምሌ ጋር እንዳታምታቱት ይሉን ነበር።

ኮረብቶቹ በካርታ ላይ ከፍታቸው በሜትር ተጽፎ በዚያው ቁጥር ይጠሩ ነበር። 602 የሚባል አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ሻምበል፣ ደሴ እኮ 2,500 ገደማ ናት፤ 602 ምን ኮረብታ ይባላል?»

«ከላይ መትረየስ ሲንጣጣብህ 602ም ራስ ዳሽን ነው» አሉት።

ሜዳሊያው ብሮንዝ ስታር ነው፤ የአሜሪካ። እንዴት እንዳገኙት አንድ ቀን ብቻ ነው ያወሩት። ከቅኝት ሲመለሱ ሰው ቆጠሩ። አንድ ጎደለ። የቦረና ልጅ ነው፤ የወሎው ቦረና። ሦስት ሰው ይዘው ተመለሱ። ልጁ ሞቷል። ቃሬዛ አልነበራቸውም፤ እየተፈራረቁ በትከሻ ተሸክመውት ወጡ፤ ሲነጋጋ ምሽግ ገቡ። አባቴ ደፋር ነውና ጠየቃቸው። ለሞተ ሰው አራት ነፍስ አደጋ ላይ መጣል ልክ ነው ወይ?

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እኮ የምመለሰው እናቱ ወዳለችበት አገር ነው» አሉ።

በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። እስረኛ ሲለዋወጡ ግን አንድም ኢትዮጵያዊ አልተገኘም። እናንተም ጽፋችሁታል፤ በአንድ መስመር። ያ መስመር በምን እንደተገዛ ነው እኔ የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ቆረቆረኝ ነገር ልምጣ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከሸፈ። የክብር ዘበኛ መኮንን የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ቃኘው ደግሞ የወጣው ከክብር ዘበኛ ነው። አባባ ሻምበል የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ወራት ታስረው ተፈቱ፤ ከዚያ ራቅ ያለ ጠረፍ ወዳለ ሌላ ጦር ተዛወሩ። ማዕረጋቸው እዚያው ቆመ። እኛ ልጆች «አባባ ሻምበል» እያልን በአክብሮት ስንጠራቸው፣ ለካ ሳያድጉ የቀሩበትን ቦታ ነበር የምንጠራው። ይህን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው፤ አፈርኩ። በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ኮርያ ሄደው ቹንቾን ላይ የዘማቾቹ ሐውልት ሲመረቅ ወሬውን ጠረፍ ላይ በሬዲዮ ሰሙት።

ደርግ መጣ። ሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሆነች። እሳቸው የተዋጉት ከማን ጋር ሆነና! ሜዳሊያውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ጎታ ውስጥ፣ ጤፍ ሥር ቀበሩት። ሚስታቸው ጤፍ በቀዳች ቁጥር ትነካዋለች። ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። ወሎ በዚህ ይታማል እንጂ አይወቀስም።

አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ መሠራቱን አውቃለሁ። ደስ ይላል። እሳቸው ግን አላዩትም። ቀድመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቄሱም ሼሁም ነበሩ፤ ስለ ኮርያ የተናገረ ግን አልነበረም። እኔም ነበርኩ። እኔም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስትጽፉ ዘማቾቹ ከየት እንደሄዱና ወዴት እንደተመለሱ ጠይቁ። አዲስ አበባ ብቻ አትፈልጉ። ወረኢሉ፣ ላስታ፣ ቃሉ ሂዱ። ዘማቾቹ ጥቂት ቢቀሩም ልጆቻቸው አሉ። አንባቢ ቤቱ ያለውን ወረቀትና ፎቶ እንዲያሳያችሁ አንድ ማስታወቂያ አውጡ፤ ወጪው አይበዛም። የአባባ ሻምበል ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሱ። እርሳሱ እየለቀቀ ነው። ባለፈው ሳያቸው ሁለቱን ማንበብ አቅቶኛል፤ የዓይኔ ነገርም ሊሆን ይችላል።

ልጃቸው ሜዳሊያውንም ፎቶዎቹንም ለማሳየት ፈቃደኛ ናት። ጋዜጠኛ ላኩ፤ ቡናው በእኔ ነው፣ እስከ በረካ። ሰኞ ብቻ አይሁን። ሰኞ ገበያ ትወጣለች።

ጡረተኛ መምህር
ከደሴ፣ ሆጤ