ጥገናው መስከረምን አይጠብቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የጽዳትና ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት መጥረጊያ፣ ከሰዓት ፒንሳ እይዛለሁ። «ጋሼ፣ ቧንቧው አልዘጋ አለ» ሲሉኝ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ጎሚኒ ነው፤ በጥቂት ብር ይገዛል። ግን መጠየቂያው ተሞልቶ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ፊርማው እስኪያልቅ ውሃው ይፈሳል። ያውም ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ከተማ!

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ክፍሎቹ ባዶ የሚሆኑት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። አዲሱ በጀት ተደልድሎ ዕቃ እስኪገዛ መስከረም ይጠባል። እኔም ተማሪዎች በተቀመጡበት መሰላል ላይ ወጥቼ መዶሻ አነሳለሁ። መምህሩ ያስተምር ወይስ እኔ ሚስማር ልምታ?

የዴስክ ጣውላው፣ የበር ቁልፉ፣ የመስኮት መስታወቱና ቀለሙ ግንቦት ላይ ተገዝቶ መጋዘን ቢገባ ክረምቱን ሙሉ እሠራበት ነበር። ጣሪያና አሸንዳ ግን ክረምትም አይጠብቁም፤ ከዝናቡ በፊት ካልተጠረጉና ካልተደፈኑ ግድግዳው ያብጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። ከዚያ ወጪው የጎሚኒ ዋጋ አይሆንም።

ሌላም አለኝ። በረኪና ከአሲድ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። «ሁለቱ አንድ ላይ ይበልጥ ያነጣሉ» ብለው ሽንት ቤት ውስጥ የሚደባልቁ ባልደረቦች አሉኝ። ለጽዳት ሠራተኞች የአንድ ቀን ሥልጠናና ጓንት ይሰጠን።

የጽዳትና ጥገና ሠራተኛ፣ ከጎንደር