አባባ፣ ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ጀምሬ ስላልሆነልኝ፣ ጆሮዎም በስልክ እንደሚያስቸግርዎ ስለማውቅ፣ በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ። ወንድሜ አቤል በሚመጣው ወር ከደሴ አዲስ አበባ ወስዶ ለነርቭ ሐኪም ሊያሳይዎ ቀጠሮ እንደያዘ ነግሮኛል። «አባባ ሰው መርሳት ጀምረዋል፤ ደጃፍ የቆመውን ጎረቤት ማን ነህ ይላሉ፤ የኔን ልጅ እንኳ በስሟ መጥራት ትተዋል» ይላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ከእርስዎ በቀር ሊነግረው የሚችል ሰው ግን የለም።

ከልጆቼ ማርታ በቁመት እኔን ልትደርስ ነው፤ ፒያኖ ጀምራለች። ናሆም ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ አቤልን በልጅነቱ ይመስላል። ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ጠዋት ጠዋት መውሰድዎን አቤል እያየ ነው?

ሥራዬ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ጓደኞችዎ ስለ እኔ ሲያነሡ «አሜሪካ ትማራለች» ብለው እንደሚያልፉት ሰምቻለሁ፤ ትምህርቱን ከጨረስኩ ዘመን አልፎታል። የማጠናው የሰው አንጎል የሌላውን ሰው ፊት እንዴት እንደሚለይና ይህ መለየት ሲጎድል በሰውና በሰው መካከል ምን እንደሚበላሽ ነው። አንጎል ፊትን እንደማንኛውም ዕቃ አያይም። ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆች 1997 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ኤምአርአይ በተባለው አንጎልን በሚያነሣ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ሥዕል ሲያዩ፣ ከጆሮ በስተጀርባ በአንጎል የታችኛው ገጽ ያለች አንዲት ትንሽ ቦታ ከዕቃ ይልቅ ለፊት እጅግ በርትታ እንደምትሠራ አሳይተዋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1947 ጆአኪም ቦዳመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ የወዳጅ ዘመዶቹን ፊት፣ በመስተዋት የራሱንም ጭምር መለየት ስለተሳነው ወጣት ጽፎ ነበር፤ ያ ወጣት ግን ድምፃቸውን ሲሰማ ወይም አካሄዳቸውን ሲያይ ሰዎቹን ያውቃቸዋል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ነገር ከጉዳት ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር። አሁን ግን ዐይናቸውም፣ አእምሯቸውም፣ ትዝታቸውም ደኅና ሆኖ ፊት መለየት የማይችሉ፣ እንዲያው ሆነው የተወለዱ ሰዎች መኖራቸው ታውቋል፤ ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉ እንዲህ እንደሆነ ይገመታል፣ በዘርም ይወርዳል። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ ስለማያውቁ ብዙዎቹ ጉድለቱ የራሳቸው መሆኑን ሳይረዱ ያረጃሉ። ግዙፍ የሰው ፊት በመሣል ዝናው የገነነው አሜሪካዊው ሠዓሊ ቸክ ክሎስ እንኳ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

አባባ፣ እርስዎም ከእነዚህ አንዱ እንደሆኑ አምናለሁ።

እኔም ተማሪዎ ስለነበርኩ የክፍልዎን ሥርዓት አስታውሳለሁ። እያንዳንዱ ልጅ መስከረም ላይ የያዘውን ወንበር እስከ ሰኔ እንዲይዝ ያስገድዱ ነበር፤ ቦታ የቀየረ ተንበርክኮ ይውላል። ስም ሲጠሩ ከመዝገቡ ቀና አይሉም ነበር፤ ሆኖም ስለቀረ ጓደኛው «አቤት» ያለውን ልጅ በድምፁ ብቻ ይይዙት ነበር፤ ልጆቹም መምህሩ አስማት ያውቃሉ ይሉ ነበር። እማዬ ደግሞ ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ግማሽ እርምጃ ትቀድምዎና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንደምን ዋሉ!» «አቶ ሙሄ፣ ልጆቹ ደኅና?» ትል ነበር። ዘመድ ሁሉ በለፍላፊነቷ ይስቅ ነበር፤ እሷ ግን ስም እያቀበለችዎ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ዕድሩንም ማኅበሩንም ሲተዉ ሰው ኀዘን ነው አለ። ሰላምታ የነፈገ ሰው ቂመኛ ወይም ኩሩ በሚባልበት አገር ኩሩ መባልን መርጠው ኖሩ። የጋሽ ይማምን ነገር እንኳ ከምን እንደመጣ እርስዎ ያውቁታል፤ እሱ ግን ሳያውቀው ሞተ።

ስለ መናኸሪያውም ልጻፍልዎ። ከዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ስመለስ ሊቀበሉኝ ወጥተው ነበር። ፀጉሬን አሳጥሬ ተቆርጬ የጓደኛዬን ጃኬት ለብሼ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ፊት ለፊትዎ ቆምኩ፤ ዐይን ለዐይን ተያየን፤ እርስዎም ዐይንዎን መልሰው ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን ሌሎች ልጃገረዶች መመልከት ቀጠሉ። ሕክምናን ትቼ ሥነ ልቦና መምረጤን የጻፍኩበት ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ደርሶዎ ስለነበር፣ ልጄ አይደለሽም ያሉኝ መሰለኝ። ድምፅ ሳላሰማ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። እርስዎ ከኋላዬ ገብተው ለእማዬ «አልመጣችም» ሲሉ እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን ማናችንም አንሥተነው አናውቅም።

ምክንያቱን ከተረዳሁ ቆይቷል፤ ምክንያት ማወቅ ግን ቁስል አይሽርም። ፊቴን አለመለየትዎን ከልቤ አልቆጥረውም። ጓዳ ውስጥ መኖሬን ካወቁ በኋላ ግን «ልጄ፣ ፀጉርሽ ተቀይሮ አልለየሁሽም» የሚል አንድ ቃል ለእኔ ማውጣት ከኩራት ስም የበለጠ ከብዶዎት ነበር? ትራኔልና ዳማሲዮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እንዳሳተሙት፣ ፊት መለየት የተሳናቸው ሁለት ሴቶች የሚያውቋቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ አይተው «አላውቀውም» ሲሉ፣ ቆዳቸው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ግን ለሚያውቁት ፊት ከባዕድ ፊት የበለጠ ምላሽ መዝግቧል። ሴቶቹ አንጎላቸው በሕመም የተጎዳ ነበርና አብሮት ለተወለደ ሰው እንዲሁ ነው ብዬ አልናገርም። ጥናቱን ለተማሪዎቼ ባስተማርኩ ቁጥር ግን ያን ዕለት እጅዎን ይዤዎት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ወደ ሐኪሙ ልመለስ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሆነ የሴትና የሕፃን ንግግር ይደበዝዛል። ሰውን በድምፁ ለሚለይ ሰው ይህ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም ማጣት ነው፤ የአቤል ልጅ ስም የጠፋብዎት በዚህ ሊሆን ይችላል። መርሳት ፈጽሞ የለም አልልም፤ እሱን ሐኪሙ ይመርምር። ነገር ግን ከነርቭ ሐኪሙ በፊት የጆሮ ሐኪም ይይዎ፤ የመስሚያ መሣሪያ ካዘዘ ዋጋውን እኔ እልካለሁ፤ አቤል «ውድ ነው» ብሎ እንዳያስተወዎ። ሐኪሙ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አሳይቶ ማን እንደሆነ ቢጠይቅዎ፣ «ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነው» ብለው በራስዎ አንደበት ይንገሩት። አቤል እዚያው ተቀምጦ ይስማ። እባክዎ አይፈሩት።

ናሆም ደግሞ በቅርቡ ሻሽ አስሬ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስጠብቀው አልፎኝ ሄደ። መምህርቱን የሚያውቃት በመነጽሯ ነው፤ መነጽሯን ያወለቀች ዕለት አዲስ መምህርት መጣች ብሎ ነገረን። ለሌላ ሰው ልጆች ስሰጥ የምውለውን ፊት የመለየት ፈተና ለገዛ ልጄ ለመስጠት እጄ እምቢ ብሎኛል። ባለቤቴም ገና አልሰማም። ልጁ ግን ጓደኞቹ ለምን እንደሚቀየሙት ግራ ገብቶት እረፍት ላይ ብቻውን መቀመጥ ጀምሯል።

ስለ መናኸሪያው ለእኔ መመለስ ካልፈለጉ ይቅር። ለናሆም ግን ያንን ሁሉ ተማሪ እንዴት ይለዩ እንደነበር፣ በድምፅ፣ በአካሄድ፣ በወንበር፣ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩት። አቤል በስልኩ ቀርጾ ይላክልኝ፤ አማርኛው ቢከብደው እኔ አስረዳዋለሁ።

ልጅዎ ሶስና